ከእሳቱ በፊት የጭሱ መንገድ

ባለፈው ጥር አንድ የድሮ ተማሪዬ ሰቆጣ ወዳለው ቤቱ ወስዶ ሳሎኑን አሳየኝ። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ክፍሉ አራት ሜትር በአራት ሜትር ነው። ስልኩን አወጣና አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ያነሳውን ፎቶ ከፈተልኝ። «ቲቸር፣ እንደዚህ ያለ ቡኻሪ እዚህ ጥግ ላስገባ ነው፤ አፉ ምን ያህል ይስፋ?» አለኝ። ቡኻሪ ያለው ግድግዳ ውስጥ የሚሠራውን፣ ፊቱ ክፍት ሆኖ ጭሱ በግንቡ ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣውን የእሳት ማንደጃ ነው።

ጥያቄው ከመጨረሻው የተጀመረ ነበር። ምድጃ ከአፉ ተነሥቶ አይመረጥም፤ ከጣራው በላይ ካለው የጭስ መውጫ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ታች ነው የሚመረጠው። ገና የሚሠራ ቤት ከሆነ፣ ግንቡ ሳይነሣ ማሰብ ይቻላል፤ ቆሞ ባለ ቤት ላይ ግን ጭሱ የሚያልፍበትን ቦታ ያላወቀ ሰው የሚያፈርሰውን እየሠራ ነው። ለእርሱ ያስረዳሁትን እዚህ እደግመዋለሁ፤ እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ብትቀመጡ ይጠቅማችኋል፣ በመካከሉ ትንሽ ሒሳብ አለና።

በቅድሚያ ብርዱን እንመን። ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ኽምራ ሲባል ለብዙ ሰው በሐሳቡ የሚመጣበት የአበርገሌና የዝቋላ ሙቀት፣ የተከዜ ቆላ ነው። ሰቆጣ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፤ የዳህናና የጋዝጊብላ ደጋዎች ከእርሷም በላይ ይወጣሉ። የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት እዚያ ላይ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ማሞቂያ መፈለግ ቅንጦት ነው የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

አሁን ወደ አንደኛው እርምጃ። ሥራውን ለዩ። በየቤታችን እሳት ሦስት ሥራ አለው፤ እንጀራ ይጋግራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ሰው ያሞቃል። ሦስቱን በአንድ ማንደጃ ልሥራ ያለ ሦስቱንም ያበላሻል። ለእንጀራው «ምርት» ምድጃ አለ፤ በሲሚንቶና ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተሠርቶ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብበው፣ ከኋላው ወጥ የሚጣድበት ማስቀመጫ ያለው። እዚሁ አገር ተጠንቶ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተስፋፋ ሲሆን ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል ይባልለታል። ማገዶ የለኝም የሚል ሰው ለሳሎኑ ማሞቂያ ከማሰቡ በፊት ወጥ ቤቱን ይመልከት፤ ከምጣዱ ሥር የተረፈው እንጨት ነው ለሳሎኑ የሚደርሰው።

እዚህ ላይ ጉልቻን አንድ ጊዜ ልከራከርለት። ክፍል በማሞቅ ብቻ ብትመዝኑት ሦስቱ ድንጋይ ከሆቴሉ ቡኻሪ ይበልጣሉ። የጭስ መውጫ ስለሌላቸው ሙቀታቸው በሙሉ ቤት ውስጥ ይቀራል። አያቶቻችን ሞኞች አልነበሩም፤ ጭሱ የሳሩን ክዳንና ወራጁን ከምስጥ ይጠብቅ እንደነበርም ያውቁ ነበር። የሚከፈለው ዋጋ ግን ዓይንና ሳንባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ቤት ውስጥ በሚነሣ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል፤ ከመካከላቸው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ሰቆጣ ደግሞ የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. ይፋ በሆነው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ስሟ የሚጠራ ከተማ ናት፤ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ጭስ የሚውጥ ልጅ ነገር እዚህ በቀላሉ መታለፍ የለበትም።

የከሰል ነገር ደግሞ ከጭስም ይከፋል፤ ጭስ ቢያንስ ያስለቅሳል፣ ያስነጥሳል፣ ውጣ ይላል። የከሰል ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም። ፌርኔሎ ይሁን ላቀች፣ በር ዘግቶ ከሰል አጠገብ መተኛት ሰው ይገድላል። ይህን ከተማሪዬ ጋር አልተከራከርኩበትም፤ ነግሬው አለፍኩ፣ ለእናንተም ነግሬ አልፋለሁ።

ሁለተኛው እርምጃ ሒሳቡ ነው፤ ሰሌዳው ላይ እንደምጽፈው ቀስ ብዬ ልሂድ። ደረቅ እንጨት አንድ ኪሎው ሲቃጠል 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ኪሎዋት ሰዓት በመብራት ቆጣሪያችሁ ላይ የምታውቁት መለኪያ ነው። የተማሪዬን ክፍል በብርድ ምሽት ለማሞቅ በሰዓት 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል እንበል። ከራት በፊት ጀምሮ እስከ መኝታ አራት ሰዓት ቢነድ፣ አራት ጊዜ 2.5 ማለት 10 ነው። ክፍሉ የሚፈልገው 10 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ።

ክፍት ቡኻሪ ከእንጨቱ ሙቀት ለክፍሉ የሚያስቀረው ከመቶ 10 እስከ 15 ብቻ ነው። 12 እንያዝ። የ4 ኪሎዋት ሰዓት 12 በመቶ 0.48 ነው፤ 10ን ለ0.48 ስናካፍል 21 ኪሎ ገደማ እንጨት በአንድ ምሽት። በር ያለውና አየሩ የሚመጠንለት የብረት ምድጃ ደግሞ በደንብ ከተሠራ ከመቶ 60 ያህል ያስቀራል። የ4 ኪሎዋት ሰዓት 60 በመቶ 2.4፤ 10ን ለ2.4 ስናካፍል 4.2 ኪሎ። የእኛ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ሒሳቡ ያምራል፤ 90 ምሽት ነው። በክፍቱ 1,890 ኪሎ፣ በዝጉ 378 ኪሎ። አንድ የሰው ሸክም 25 ኪሎ ቢሆን፣ አንዱ ከ75 ሸክም በላይ ይበላል፣ ሌላው 15 ያህል።

ተማሪዬ ቁጥሩን አይቶ ዝም አለ። ባህር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቢሆን ገንዘብ ያለው ይግዛው እል ነበር። በዋግ ግን ያ 60 ሸክም ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናያለን፤ ከተራቆተ ዳገት፣ ከተከለለ ተዳፋት፣ ወይም በአንዲት ሴት ጀርባ ከሩቅ። ወይራና ጥድ በብዛት የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው።

ክፍቱ ለምን ይህን ያህል ያባክናል? እሳቱ አየር ስለሚጠጣ ነው። ክፍት ቡኻሪ በሰዓት ከ200 ኪዩቢክ ሜትር በላይ የክፍሉን አየር ስቦ በጭስ መውጫው ይልካል። የተማሪዬ ክፍል ከፍታው 2.5 ሜትር ስለሆነ የሚይዘው አየር 40 ኪዩቢክ ሜትር ነው። ስለዚህ ያሞቀውን አየር በሰዓት አምስት ጊዜ ይጥለዋል፤ በምትኩ በበሩ ሥር ቀዝቃዛው ይገባል። ፊትህ ይቃጠላል፣ ጀርባህ ይበርደዋል። ካውንት ራምፎርድ የተባለው አሜሪካ የተወለደ ሊቅ ይህንኑ አይቶ በ1796 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ ማንደጃው ጥልቀቱ እንዲያንስ፣ ጎንና ጎኑ ወደ ውጭ እንዲንጋደድ፣ የጭሱ ጉሮሮም እንዲጠብ መክሮ ነበር። ዛሬም ክፍት ቡኻሪ አልተውም የሚል ሰው ቢያንስ እንደዚያ ያሠራ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይሠራም።

ሦስተኛው እርምጃ የጭስ መውጫው ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆያለን። የጭስ መውጫ ጭስን የሚገፋ ማሽን የለውም። የሚሠራው በክብደት ልዩነት ነው፤ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ሙቅ ስለሆነ ይቀልላል፣ ከውጭ ያለው ቀዝቃዛ ስለሆነ ይከብዳል፣ ከባዱ ከታች ገብቶ ቀላሉን ወደ ላይ ያነሣዋል። ስለዚህ ኃይሉን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የቱቦው ቁመትና በውስጡ ያለው ሙቀት። ቱቦው ካጠረ ይደክማል። ቱቦው ከቀዘቀዘም ይደክማል፤ በውጭ ግድግዳ ላይ ለብርድ ተጋልጦ የሚወጣ ቱቦ በውስጥ ካለው የሚያንሰው ለዚህ ነው።

አሁን የኛን አገር ልዩ ጉዳይ እንጨምር። በሰቆጣ ከፍታ አየሩ ቀጭን ነው፤ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የሁለቱም አየር ክብደት ሲያንስ ልዩነታቸውም አብሮ ያንሳል። ፈረንጅ በሠራው መመሪያ ላይ «3 ሜትር ይበቃል» የሚል ብታገኙ እዚህ 4 ብላችሁ አንብቡት። ከምድጃው አናት እስከ ቱቦው ጫፍ ከ4 ሜትር በታች ባትወርዱ፣ ዲያሜትሩም ለትንሽ የብረት ምድጃ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እመክራለሁ። ጫፉ ከጣራው ከወጣበት ቦታ ከፍ ብሎ ወደ አንድ ሜትር መጠጋት አለበት፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም ጣራ ወይም ግድግዳ ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ። አለበለዚያ ነፋሱ ከጎረቤት ጣራ ተጋጭቶ ሲወርድ ጭሱን ይመልስባችኋል። ይህን የምለው ተሞክሮ ስላለኝ ነው፤ እኔ ራሴ በወጣትነቴ ቱቦውን ከቆርቆሮው አናት በአንድ ክንድ አሳጥሬ አንድ ክረምት ሙሉ ቤተሰቤን አስለቅሻለሁ።

መታጠፊያ በበዛ ቁጥር ጭሱ ይሰንፋል። ከሁለት በላይ አትጠፉ፤ አግድም የሚሄደውም ከአንድ ሜትር አይርዘም፣ ያውም ትንሽ እያረገ ይሂድ። ክፍት ቡኻሪ የሚሠራ ሰው ሌላ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ የጭስ መውጫው ስፋት የአፉን አንድ አሥረኛ ያህል መሆን አለበት። በተማሪዬ ፎቶ ላይ ያለው አፍ 120 በ80 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 9,600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። አንድ አሥረኛው 960፣ ማለትም 31 በ31 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንብ ከወለል እስከ ጣራ በላይ። ለዚያ ክብደት ደግሞ የራሱ መሠረት ይቆፈርለታል። «አፉ ምን ያህል ይስፋ» የሚለው ጥያቄ መልስ ይህ ነበር፤ ጥያቄው የመጨረሻ የሆነው ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ቤታችሁን ተመልከቱ። የሳር ክዳን ያለው ጎጆ ከሆነ የብረት ቱቦ በክዳኑ አታሳልፉ፤ ሌላ ዘዴ የለኝም። የአፈር ጣራ ያለው የድንጋይ ቤት ከሆነ ቱቦው የሚያልፈው በእንጨት ርብራብ መካከል ስለሆነ ዙሪያውን መክፈት ይጠይቃል። የጭቃ ቤት በቆርቆሮ ከሆነ ቀላሉ እርሱ ነው፤ ነገር ግን አደጋው ቆርቆሮው ሳይሆን ከሥሩ ያለው ኮርኒስ ነው። አቡጀዲም ይሁን ችፑድ፣ ከነጠላ የብረት ቱቦ 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ማገርና ወራጅም እንዲሁ። ቀዳዳውን ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡና በቱቦውና በእንጨቱ መካከል ያለውን ክፍተት በላሜራ ክፈፍ ዝጉት። ጭቃ ብትመርጉበት እንኳ ርቀቱን አትቀንሱ፤ በየዓመቱ የሚሞቅ እንጨት ቀስ በቀስ ይከስላል፣ ሳይታወቅም በዝቅተኛ ሙቀት መያያዝ ይጀምራል።

የድንጋይ ግድግዳ በጭቃ የተሠራ ከሆነ (የተማሪዬም ይኸው ነው) ግድግዳውን ፈልፍሎ ቡኻሪ መክተት ማለት ከላይ ያለውን ድንጋይ ሁሉ አየር ላይ መተው ነው። ስለዚህ ግድግዳውን አትንኩት። ምድጃው ከግድግዳው ፊት ይቁም፣ ድንጋዩ ከኋላው ሙቀት ይጠጣ። 300 ኪሎ ድንጋይ 40 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ምድጃው በአንድ ሰዓት ከሚሰጠው የሚበልጥ ሙቀት ይሰጣችኋል። የሰሜን ቻይና ገበሬዎች ይህን ዘዴ ወደ መኝታቸው ወስደውታል፤ የምድጃውን ጭስ በመደባቸው ሥር ያሳልፉና ከላዩ ይተኛሉ። መደብ ያለን ሕዝብ እኛም ነን፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ቢያስብበት አልጠላም። ቆሞ ባለ ቤት ላይ ግን ከሥር የሚተላለፈው ጭስ ስንጥቅ ካገኘ የሚወጣው ከተኛችሁበት ሥር ስለሆነ አልደፍረውም።

ከዚህ በኋላ በያጁ ነው፤ ፈጠን እንበል። ላሜራው ከ3 ሚሊ ሜትር ያልሳሳ ይሁን፤ ስሱ ላሜራ ይጣመማል፣ በኋላም ይበሳል። ውስጡን ሸክላ ጡብ ይልበስ። የጡቡን ማያያዣ በሲሚንቶ አታድርጉት፤ እሳት ዘወትር የሚያገኘው ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፣ ሸክላ አፈር ከአሸዋ ጋር የተቦካ ጭቃ ግን ይታገሣል። ድንጋይ ካስፈለጋችሁ ከወንዝ አታምጡ፤ በውስጡ የተደበቀ ውሃ ሲሞቅ ድንጋዩን ያፈነዳዋል። ነጭ የዚንክ ቱቦም ለእሳቱ ቅርብ በሆነው ክፍል አይግባ፤ ሲግል የሚያወጣው ጢስ ሰው ያሳምማል። አሮጌ በርሜል መጠቀም የምትፈልጉ በፊት ምን እንደያዘ እወቁ፣ ቀለሙንም ውጭ አቃጥላችሁ ጨርሱ። በሩ ሲዘጋ ወረቀት የማያሳልፍ፣ ከበሩ ሥር የአየር መመጠኛው በእጅ የሚንሸራተት፣ ከፊቱ ግማሽ ሜትር የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ወለል ያለው ይሁን። በርና መስኮቱ በደንብ የሚገጥም ብሎኬት ቤት ከሆነ ለእሳቱ የሚሆን የአየር ቀዳዳ ከምድጃው አጠገብ ይኑር።

እንጨቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጫን። ትኩስ የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውሃ ነው። 10 ኪሎ እርጥብ ባህር ዛፍ ስትከምሩ 5 ሊትር ውሃ ነው እሳት ውስጥ የጨመራችሁት፤ ያን ውሃ ለማትነን ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ደረቅ እንጨት ሙቀት ይባክናል። የባሰው ግን ሌላ ነው፤ እሳቱ ስለሚቀዘቅዝ ያልተቃጠለው ጭስ በቱቦው ላይ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል፣ ጥቀርሻውም አንድ ቀን ራሱ ይነድዳል። በጥር የተፈለጠ ለሚቀጥለው ኅዳር ይሁን። ሁለት ፍልጥ አጋጩ፤ የደረቀው ቋ ይላል፣ እርጡቡ ድምፁ የታፈነ ነው። ባህር ዛፍ ዘይት ስላለው ቶሎ ይይዛል፣ ይፈነጥቃል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ግራር ፍሙ ይቆያል። ቁልቋልን ግን አትንኩት፤ ደሙ ለዓይን ጠላት ነው። ቱቦውን በመስከረምና በጥር ማለቂያ በገመድ በታሰረ የጥድ ቅርንጫፍ አጽዱ። ጥቀርሻው ተያይዞ ቱቦው እንደ ነፋስ ማጉራት ከጀመረ የአየሩን መመጠኛና በሩን ዝጉ፣ ሰውን አስወጡ፤ የጋለ ብረት ላይ ውሃ አትድፉ።

ሥራው ሁሉ ሲያልቅ ከእንጨት በፊት ዕጣን ይጨስበት። የአበርገሌ ዕጣን ቢሆን ይመረጣል፤ እዚያው በርሃ የሚለቀም ነው። በሩን ከፍታችሁ የምትጨስ ፍም በምድጃው አፍ አስጠጉ። ጭሷ ወደ ውስጥ ተስባ ወደ ላይ ከሄደች መንገዱ ክፍት ነው። ወደ ፊታችሁ ከተመለሰች ቱቦው ቀዝቅዟል፤ አንድ ወረቀት አንድዳችሁ ከቱቦው ሥር በመያዝ አሙቁትና ድገሙት። አሁንም ከተመለሰች ቱቦውን አስረዝሙ፣ እንጨት አትጨምሩ። ከዚያ ሦስት ቀን ትንሽ ትንሽ እሳት፤ ጭቃው እርጥበቱን በዝግታ ይጣል።

ተማሪዬ በመጨረሻ ያዘዘው የብረት ምድጃ ሆነ። ዕጣኑን ያጨሰችው እናቱ ናት፤ ጭሱ ተስቦ ሲሄድ አየችና ስለ ቁመቱም ስለ ስፋቱም ምንም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነበር። «መምህር፣ ጀበና ይጣድበታል?»

በያጁ አናቱን ክብ አድርጎ ሠርቶት ስለነበር ተመልሶ እንዲያስተካክል ተላከ። በሰቆጣ ከፍታ ውሃ ከ93 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ ጀበናው ብዙ አይጠብቅም። ምድጃ ስታዝዙ ላዩ ጠፍጣፋ ይሁን በሉ።